የቀሩት ሰባት ሐሙሶች

መስከረም 12

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎም ከዚያ ከሚያጎብጥዎ የልብስ ማጠቢያ ሥራ ትንሽ ያረፈ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። አባባ እንደ ድሮው ከደረጃው ሥር ባለችው ሱቁ ቁልፍ ሲሞርድ ይውላል፤ ዐይኑ ትንሽ ደከመ እንጂ ሌላ ሕመም የለበትም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ ነው። የመቅረዝ ወጣቶች ማኅበር የመጨረሻውን ሽልማት፣ የወርቅ መቅረዙን፣ እንድሞክር ፈቅዶልኛል። ናሱንና ብሩን ካገኘሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ለወርቁ የመጽሐፍ ቅዱስ ፈተና፣ የሦስት ቀን የእግር ጉዞና የመቶ ሃያ ሰዓት አገልግሎት ያስፈልጋል። የሚከብደው አገልግሎቱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድን ሰው ብቻ ማገልገል አለብኝ፤ ያ ሰውም በየሳምንቱ መዝገቤ ላይ ይፈርማል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ማለትም እስከ ሰኔ 4፣ ካልጨረስኩ ቀረ ማለት ነው።

ለእኔ የደረሱኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የሰው ማመልከቻና ውል በታይፕ ሲመቱ ስለኖሩ ሰፈሩ «እማማ ታይፕ» ይላቸዋል። ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኗል። ከነሐሴ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ለሦስት ሰዓት እሄዳለሁ። ጠጉራቸውን አጥባለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ገፍቼ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን መዝገቤን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና፣

«ስንት አገልግለሻል?» አሉኝ።

«ሦስት ሰዓት፣ እማማ።»

«ሰዓት በዓይኑ ዓ ነው። በአልፋው አ የተጻፈ ሰዓት እኔ አልፈርምም።»

አርሜ ሳመጣው ፈረሙ።

አዳራሹ ግድግዳ ላይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወርቁን ያገኙ የአራት ሰዎች ፎቶ ተሰቅሏል። ሦስተኛው የእርስዎ ነው። ልጆቹ «አክስትሽ ናት አይደል?» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። ለመሆኑ እትዬ፣ እርስዎ ማንን ነበር ያገለገሉት? ሰዓቱንስ እንዴት ጨረሱት? እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእርስዎ አንድ ዓመት ታላቅ ሆና ሳለ ለምን ብሩ ላይ ቀረች? አባባን ብጠይቀው «አክስትሽን ጠይቂያት» ብሎ ሞረዱን አነሳ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 4

ለድንቢጤ፣

እናትሽ የተወለድሽ ዕለት ያወጣችልሽን ቅጽል ስም ዛሬም አልተውኩትም። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶሽ ለእኔ ያው ድንቢጥ ነሽ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እርምጃሽን ያቅናው፣ አባትሽንም ያቆይልሽ።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። እዚህ ሆስፒታሉ ሁለት ሕንፃ ጨምሮ የአንሶላው ክምር ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከአንዲት የሌላ አገር ሴት ጋር ከመተኮሻው ማሽን አፍ ላይ ቆመን እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ስናጥፍ እንውላለን። ቋንቋ ባንግባባም አንሶላ ያግባባናል። ደብዳቤሽን ባሳያት ምንም ሳትረዳ አቀፈችኝ። አለቃችን እንኳ የእህቴ ልጅ የወርቅ ሽልማት ልትሸለም ነው ስለው የአንገት ሐብል መስሎት «ስንት ግራም ነው?» አለኝ።

ስሚ ልጄ፣ ወርቁን ያገኘሽ ቀን እኔ እዚያ ነኝ። ካገሬ ከወጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስሄድ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ለእናትሽ ቀብር ፈቃድ ከልክለውኝ መቅረቴ እስከ ዛሬ እንደ እሾኽ ይወጋኛል። ለአንቺ ግን እመጣለሁ፤ ፈቃድ መጠየቂያውን ሞልቻለሁ።

ማንን እንዳገለገልኩ ጠይቀሽኛል። አንዲት በሽተኛ ሴት ነበረች። የቆየ ነገር ነው፤ ስንገናኝ እናወራዋለን። አንቺ ይልቅ በማኅበሩ ልብስ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ። የጫማ ቁጥርሽንም ጻፊልኝ፤ ለእግር ጉዞው ጠንካራ ጫማ ያስፈልግሻል።

አክስትሽ


ጥር 8

ለክብርት አክስቴ፣

ለላኩልኝ ጫማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ተጉዤበት አንድ ተረከዜ ብቻ ነው ውኃ የቋጠረው፤ ጓደኞቼ ግን አሥር ጣታቸውንም ጠቅልለው ነው የተመለሱት። ፈተናውንም አልፌአለሁ። አገልግሎቱ ስልሳ ሦስት ሰዓት ደርሷል። ሁለት ሐሙስ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቼ ነበር፤ እማማ ታይፕ «እኔ ሽባዋ እዚህ ሆኜ ስጠብቅ አንቺ ባለ ሁለት እግሯ ጠፋሽ» ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው ደስ አለኝ።

በመጀመሪያ ለሽልማቱ ብዬ ነበር የምሄደው። አሁን ረቡዕ ሲመሽ ነገ ምን እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሬ አጠራቅማለሁ። ባለፈው የድሮ ደንበኞቻቸውን ሲያስታውሱ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ለመፍታት ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ፣ ሲነግራቸው ሲነግራቸው ራሱ አልቅሶ ሳያስጽፍ እንደ ተመለሰ አወጉኝ። «ዋጋዬን ግን ተቀብያለሁ» አሉ፤ «ሰምቼዋለኋ!»

አንድ የማስቸግርዎ ነገር አለ። አስተባባሪያችን፣ ያ ከአዳራሹ ማዶ መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት፣ በሽልማቱ ዕለት የእርስዎን የአገልግሎት ታሪክ ጉባኤው ፊት እንዳነብ ጠይቆኛል። «አክስትና የእህት ልጅ ወርቁን ሲያገኙ በማኅበራችን የመጀመሪያው ነው» ይላል። እባክዎ አንድ ገጽ እንኳ ይጻፉልኝ። የሴትየዋ ሕመም ምን ነበር? ምን ይሠሩላቸው ነበር?

ፎቶዬ ከዚህ ጋር ነው። ቀሚሱን ያጠበበችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እኔ አልወፈርኩም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 27

ለድንቢጤ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ፎቶሽ ደርሶኛል። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ሰኔ 28 ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ።

ስለ እኔ ምንም እንዳታነቢ። ሰው ፊት ስሜ ሲነሳ አልወድም፤ ቀኑ ያንቺ ነው። ለፋርማሲስቱም አክስቴ ረስታዋለች በዪው።

አባትሽ ስለ እኔ የሚያወራው ነገር አለ?

አክስትሽ


ሚያዝያ 10

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰላምታዬ ስላጠረ አይቀየሙኝ። እማማ ታይፕ ሰኞ ጠዋት ዐረፉ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ቁርስ ልታበላቸው ስትገባ ነው ያገኘቻቸው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ጠጉራቸውን አጥቤ ሳበቃ «መዝገብሽን አምጪ» አሉኝ። የዕለቱን ፈረሙ። ከዚያ ገጹን ገለጡና ባዶው ላይ ፈረሙ። ቀጥለው ሌላውን ገለጡ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እጄ ሳይከዳኝ ልጨርስልሽ ነዋ። ስንት ሐሙስ ቀረሽ?»

«ሰባት።»

ሰባቱንም ፈረሙ። ብዕሩን መለሱልኝና «ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ እያልኩ አርባ ዓመት ሰው ስመክር ኖሬ ዛሬ እኔው ፈረምኩ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። የሚሞቱ አልመሰለኝም ነበር።

አሁን ዘጠና ዘጠኝ ሰዓት ነው ያለኝ። ሌላ ሰው ዘንድ እንድጀምር ደንቡ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እስከ ልደቴ ቀን አይደርስም። መዝገቡ ላይ ግን ሰባት የተፈረመባቸው ባዶ ገጾች አሉ። ፋርማሲስቱን ብጠይቀው «ፊርማው የእሳቸው ነው። የቀረውን አንቺና ህሊናሽ ታውቃላችሁ» አለኝ። የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል። አባባ ደግሞ «ሙዪውም አልልሽም፣ አትሙዪውም አልልሽም» አለኝ።

እትዬ፣ በቤተሰባችን ይህን መንገድ የሄዱበት እርስዎ ብቻ ነዎት። ምን ላድርግ?

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 23

ልጄ፣

ለሴትየዋ ነፍስ ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በዚያው ዕለት ነው የምጽፍልሽ።

ሙዪው። ምን ያስጨንቅሻል? በፈቃዳቸው፣ በገዛ እጃቸው ፈረሙልሽ። በሕይወት ቢኖሩ መሄድሽ አይቀርም ነበር። ማንን በደልሽ? የማንን ወሰድሽ? ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ ነው የሚኖረው፤ ቀን ሲያልፍ ይረሳል።

ይኸው ሻንጣ ገዝቻለሁ፤ ለሥራ ጓደኞቼም ነግሬአለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልመጣሁትን ለአንቺ ብዬ ነው የምመጣው። በዚህች በትንሽ ነገር አታስቀሪኝ። ይህን ደብዳቤ ለአባትሽ አታሳዪው።

አክስትሽ


ግንቦት 19

ለምወድዎት አክስቴ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። የምነግርዎ ነገር ስለሚያሳዝንዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምክርዎ እንደ ደረሰኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ «ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ ጠጉር ማጠብ፣ ንባብ» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ሳየው ያ ሐሙስ ትዝ አለኝ። በእማማ ታይፕ ደጃፍ አልፌ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ሊያስረክብ አልጋቸውን ፈታቶ ጋሪ ላይ እየጫነ ነበር፤ ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ያን ዕለት ያጠብኩት ጠጉር የለም። እሳቸው በሌሉበት ዕለት በሕይወት እንዳሉ አድርጌ ጻፍኩባቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።

መስመሩን ሰርዤ መዝገቡን ይዤ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ገልጦ አየው።

«ይሄን ሰርዘሽዋል» አለኝ።

«አዎ። ውሸት ስለሆነ ነው።»

«የቀሩትስ?»

«ባዶ ናቸው። ፊርማ ብቻ ነው ያለባቸው።»

አንዲት እናት ለልጇ ሽሮፕ ልትገዛ ገባች፤ አስተናግዶ ሸኛትና ተመለሰ። «ማንም እኮ አይጠይቅሽም ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያመጣሁት።»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሦስቱ ይሰጣት አሉ፤ አራቱ ደንብ ደንብ ነው አሉ። ቀረ። እነሱን አልወቅሳቸውም። ሆኖም ሰባት ዓመት ለብሼው ያደግሁትን ልብስ አጥፌ ሳጥን ውስጥ ሳስገባ አላለቀስኩም ብልዎ እዋሻለሁ።

ለአባባ ስነግረው ብዙ አየኝ። «ቁርጥ እናትሽን» አለና ወደ ሱቁ ወረደ። ወቀሳ ይሁን ሌላ አልገባኝም።

ሽልማት የለም እንጂ እኛ አለን። የእማዬን ክፍል ቀለም ቀብተን አዲስ ፍራሽ አስገብተናል። እባክዎ ይምጡ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 3

ለአክስቴ፣

እንደምን ነዎት? ጤናዎን እንኳ ለማወቅ ነው የምጽፈው።

አልመጣም የሚል ደብዳቤ ስላልደረሰን ሰኔ 28 አባባ ሱቁን ዘግቶ፣ ያቺን አንድ ኮቱን ለብሶ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። በሩ በተከፈተ ቁጥር እሷ ናት እያልን ቆምን። ፊትዎን ከፎቶ ብቻ ስለማውቀው ስንቷን ሴት አክስቴ ብዬ ፈገግ እንዳልኩላት አይጠይቁኝ። ሻንጣ የሚገፉት ሠራተኞች ሳይቀሩ ወጥተው ሲያልቁ አባባ «በቃ፣ እንሂድ» አለ።

ታመው ከሆነ ይጻፉልኝ። ተቆጥተውኝ ከሆነም ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 9

ለልጄ፣

ጤናሽን ለመጠየቅ አፍራለሁ። ቢሆንም ደህና ሁኚልኝ፤ እግዚአብሔር ካንቺ አይለይ።

አልታመምኩም። አልተቆጣሁሽምም። ሰኔ 28 ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ወጥቼ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ወንበር ላይ ተቀምጬ የግንቦቱን ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። «ለዚህ ነው ያመጣሁት» ያልሽው ጋ ስደርስ የበረራችን ጥሪ ተሰማ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲሰለፍ እኔ አልተነሣሁም።

ማንን እንዳገለገልኩ ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ማንንም አላገለገልኩም።

የተመደብኩት አንዲት ዐይኗ የማያይ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነች ሴት ቤት ነበር። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። የክፍሉ ሽታ አንገሸገሸኝ፤ በሦስተኛው ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ገባሁ። እናትሽ ስትሰማ አልጮኸችብኝም። «ሴትየዋ ብቻዋን እንዳትውል ለጊዜው እኔ ልሂድልሽ» አለች። ለጊዜው ያለችው ዘጠኝ ወር ሆነ። መዝገቡ በእኔ ስም ስለነበረ በእኔ ስም ገባች፤ ሴትየዋ እስከ መጨረሻው በእኔ ስም ነበር የምትጠራት። ጣቷን ቀለም ነክራ በየሳምንቱ ታትምልኝ ነበር። እናትሽ የራሷን ሰውም ይዛ ነበር፤ አንድ አሮጌ ዘበኛ። ሁለቱን ማዳረስ ሲያቅታት የእሷ ሰዓት ጎደለ። እኔ ገና ዓመት ይቀረኝ ነበር፤ ለእሷ ግን የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የሽልማቱ ዕለት ልብሴን የተኮሰችው እሷ ናት። ስሜ ሲጠራ ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችውም እሷ ናት። አንድ ቀን ታነሳብኛለች ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ። አላነሳችውም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ካገር የወጣሁት ኑሮ ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ዐይኗን ሽሽትም ነው።

ሌላም አለ። ለቀብሯ ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬሻለሁ። አልከለከሉኝም። አሥር ቀን ሰጥተውኝ ነበር። አሥሩንም ቀን ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አስከሬኗ የሚሸኘው ፎቶዬ ከተሰቀለበት ከማኅበሩ አዳራሽ ነበር፤ እዚያ መቆም አልቻልኩም።

አሁን ይኸው የማላውቀው ሕመምተኛ የተኛበትን አንሶላ አጥባለሁ። ካሳ ነው ብዬ ራሴን አጽናናበት ነበር። ካሳ አይደለም፤ ደመወዝ ይከፈለኛል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ሙዪው ያልኩሽ ለአንቺ አዝኜ አልነበረም። አንቺም ብታደርጊው እኔ ብቻዬን አልሆንም ነበር። በቤታችን ሁለት እንሆን ነበር።

ለፋርማሲስቱ የተጻፈ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ፤ ሁሉን ነግሬዋለሁ፤ ፎቶዬን ያውርደው። ይህን ደግሞ ለአባትሽ አንብቢለት። የሚቀጥለው ፈቃዴ በጥር ነው። አትምጪ ካለ አይፈረድበትም።

አክስትሽ


መስከረም 20

ለምወድዎት አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ብቻዎን እንዳይሆኑ፣ ያቺ አንሶላ አጣፊዋ ጓደኛዎ ከአጠገብዎ እንድትሆን ምኞቴ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነበው መጀመሪያ ተናደድኩብዎ። አልደብቅዎትም። እማዬ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከእሷ የማውቀው ጥቂት ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ አሥራ አራት ዓመት አስቀሩብኝ። ለብዙ ቀን አልመልስልዎም ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ እንደ ገና ሳነበው፣ ልብስ ስትተኩስ፣ ስታጨበጭብ አየኋት። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።

ፋርማሲስቱ የእሱን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ፎቶውን አወረደ። የእማዬን ይስቀሉ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሷም የምትወደው አይመስለኝም።

ለአባባ ሱቁ ውስጥ ነው ያነበብኩለት። ቁልፍ እየሞረደ ነበር። ሲኒማው ጋ ስደርስ መሞረዱን ተወ። ስጨርስ «ያቺን በሽተኛ ሴትዮ አውቃታለሁ» አለኝ።

«ከየት?»

«የበሯ ቁልፍ ተሰብሮ ልቀይርላት ሄጄ ነው እናትሽን ያየኋት። ሴትየዋ ከአልጋዋ ሆና በአክስትሽ ስም ትጠራታለች፤ እኔም ስሟ መሰለኝ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ስም ስጠራት አቤት ትለኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ከኋላ ስሟን ብጠራ፣ አክስትሽ ዞረች። እናትሽ አፏን ይዛ ሳቀች። በማግስቱ ሁሉን ነገረችኝ።»

እትዬ፣ ያን ዕለት «ይሄ ቁልፍ ሠሪ ስሜን ከየት አወቀው?» ብለው ተቆጥተው ነበር ይላል። ያስታውሱታል?

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«አስምላኝ። 'እህቴ ራሷ ትናገረው፤ መናገሯ አይቀርም' አለችኝ። ሆስፒታል ተኝታም የነገረችኝ ይህንኑ ነው። እኔ እንኳ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም።»

ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠራረገና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «እኔ የምልሽን ጻፊላት፣ አንዲት ቃል አትቀይሪ» አለኝ። እነሆ፣ አልቀየርኩም፦

«በጥር ነይ። ብርድ ስላለ ወፍራም ልብስ ያዢ። ተቀይሜሽ አላውቅም ብልሽ ውሸት ነው፤ ብዙ ጊዜ ተቀይሜሻለሁ። ልጠላሽ ግን አልቻልኩም። እሷን የወደድኳት በአንቺ ስም እየጠራኋት ነው።»

የእህትዎ ልጅ